ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና የድኆች ከተማ

በሙሴ ሕግ እንደ ተጻፈ ኢዮቤልዩ የተባለው ዓመት የቀንደ መለከት ድምፅ የሚሰማበትና ሕዝብ ደስ የሚለው ጊዜ ብቻ አልነበረም። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ዐምሳኛው ዓመት በገባ ጊዜ በድኽነት ምክንያት መሬቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፣ ራሱን ለባርነት የሰጠውም ከነልጆቹ ነጻ እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን በምታከብርበት ጊዜ የድኻውን ቤተ ሰብ ከረኃብና ከዕዳ፣ ከበሽታና ከመጣልም ለማዳን ሲደክም የኖረውን የቅዱስ ባስልዮስን ታሪክ ማሰብ የተገባ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተነገረውም ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ባስልዮስ በ330 ገደማ ተወለደ፤ አገሩም ዛሬ በቱርክ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የቀጰዶቅያ አገር ነው። አባቱ ደግሞ ባስልዮስ ይባል ነበር፤ በጰንጦስ አውራጃም የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። እናቱ ኤሚልያ ትባላለች። የኤሚልያ አባት ከንጉሥ ቍጣ የተነሣ ተገድሎ ሀብቱ ተወርሶ ነበር፤ የአባቱ እናት ማቅሪናም በስደት ዘመን ከባልዋ ጋራ ወደ ጰንጦስ ዱር ሸሽታ ሰባት ዓመት ያህል በዝናምና በብርድ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እግዚአብሔር ቤታቸውን ባርኮ ባለጸጎች ሆኑ፤ ኤሚልያም ባልዋ ከሞተ በኋላ ርስትዋ በሦስት አውራጃ የተበተነ ስለ ነበረ ለሦስት ገዢዎች ግብር ትከፍል ነበር። እንግዲህ ባስልዮስ ስለ ድኻና ስለ ባለጸጋ ባስተማረ ጊዜ የሁለቱንም ኑሮ ከቤቱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በልጅነቱ ከአባቱ ተማረ፤ ቀጥሎም በቂሣርያና በቍስጥንጥንያ፣ በመጨረሻም በአቴና ተምሮ የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ፈጸመ። በአቴናም ከናዝያንዙ ከጎርጎርዮስ ጋራ የማይፈታ ወዳጅነት አደረገ። በ356 ገደማ ወደ አገሩ ተመልሶ ንግግርን ማስተማር በጀመረ ጊዜ ሰው ሁሉ አመሰገነው፤ እርሱም በዕውቀቱ መኵራት ጀመረ። ነገር ግን በአያትዋ ስም ማቅሪና የተባለች ታላቅ እኅቱ ይህን አይታ አልታገሠችም። በምክርዋ የዚህን ዓለም ክብር ንቆ ተጠመቀ፤ ወደ ግብፅና ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያም ሄዶ የመነኰሳትን ኑሮ ተመለከተ። ከተመለሰም በኋላ በጰንጦስ በወንዝ ዳር ማኅበር አቁሞ ተቀመጠ። በማኅበር መኖርን ለብቻ ከመኖር አብልጦ ወደደ፤ ብቻውን የሚኖር ሰው እግሩን የሚያጥብለት ወንድም በአጠገቡ የለውምና። በሥርዐቱም መነኵሴ በእጁ እንዲሠራ አዘዘ፤ የሥራውም ፍሬ ለራሱ ምግብ ብቻ ሳይሆን ለችግረኛ እንዲተርፍ ነው።

በ362 ገደማ ቅስና ተሾመ። ከጥቂት ዓመት በኋላም እርሱንና አገሩን ሁሉ የሚፈትን መከራ መጣ፤ ይኸውም በ368ና በ369 የሆነው ረኃብ ነው። ክረምቱ ደረቅ ሆኖ በረዶ ሳይወርድ ዐለፈ፤ በጸደይም ዝናም ጠፋ። ምድር ተሰነጠቀች፤ ምንጮች ደረቁ፤ ታላላቆቹ ወንዞች ጐድለው ሕፃናትና ሸክም የተሸከሙ ሴቶች በእግራቸው ይሻገሩአቸው ጀመር። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች በእህል እጦት ጊዜ ከሌላ አገር በመርከብ ያስመጣሉ፤ በመካከል አገር ያለ ከተማ ግን ያለውን ሊሸጥ የጐደለውንም ሊገዛ አይችልም። ከድርቁም ይልቅ የከፋ ነገር ነበረ፤ ጎተራቸው የሞላ ባለጸጎች እህሉ ገና ይወደዳል ብለው በሩን ቈልፈው ይጠባበቁ ነበር።

ባስልዮስ በዚያን ጊዜ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ያስተማረው ትምህርት እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። ረኃብ የሰውን ሥጋ እንዴት እንደሚበላ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚጠቍር፣ ዓይኑም እንዴት እንደሚጐደጕድ፣ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ተናገረ። ከዚህም ሁሉ ይልቅ ልብን የሚሰብረው ስለ አንድ ድኻ አባት የተናገረው ነው። ያ አባት በቤቱ ያለውን ሁሉ ቢመለከት ከልጆቹ በቀር የሚሸጥ ነገር አጣ። አንዱን ሸጦ የቀሩትን ሊያድን ዐሰበ፤ ግን ማንኛውን ይስጥ? በኵሩን እንዳይሸጥ ክብሩን ያፍራል፤ ታናሹን እንዳይሸጥ ሕፃንነቱ ያሳዝነዋል፤ አንዱ የወላጆቹን መልክ ይመስላል፤ ሁለተኛው ለትምህርት የተዘጋጀ ነው። አንዱንም አልሸጥም ቢል ሁሉም ይሞታሉ። በመጨረሻ እያለቀሰ ወደ ገበያ ያወጣዋል፤ ባለጸጋው ገዢ ግን ዋጋውን ለማሳነስ ይከራከራል። በዚህም ድኽነት አንድን ሰው ብቻ እንዳይጐዳ፣ ቤተ ሰብን ከሥሩ እንዲያፈርስ አሳየ። ዳግመኛም ትምህርቱን ለባለጸጎች ብቻ አልተወውም፤ የዐሥር ቀን ስንቅ ያለው ድኻ የአንድ ቀን ስንቅ ለቀረው እንዲያካፍል አስተማረ።

ቃሉም ፍሬ አፈራ፤ የባለጸጎቹ ጎተራ ተከፈተ። እርሱም የወረሰውን ርስት ሸጦ ለእህል ዋጋ አደረገው። ከዚህ በኋላ የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሎችና ሕፃናት በአንድ ቦታ ሰብስቦ ወጥ በታላላቅ ድስት አሠራ፤ ከጨው ሥጋ ጋራም ያበላቸው ነበር። ሽርጥ ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋራ ራሱ ያቀርብላቸው፣ እግራቸውንም ያጥብ ነበር። የአይሁድ ልጆችም ከክርስቲያን ልጆች ሳይለዩ በልተዋል። ንጉሥ ዑልያኖስ ከሃዲ በ362 ለገላትያ ሊቀ ካህናተ ጣዖት ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኆች ብቻ ሳይሆን የጣዖት አምላኪዎቹንም ይመግባሉና እናንተም የእንግዳ ማደሪያ ሥሩ ብሎ ማዘዙ የታወቀ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ምጽዋት ጠላት እንኳ ሊክደው ያልቻለ ነገር ነበር።

በዚያው የረኃብ ዘመን የባስልዮስ ቤተ ሰብ በሌላም አገር አላረፉም። ታናሽ ወንድሙ ጴጥሮስ በጰንጦስ ገዳም እህል እያከማቸ ለሚመጣው ሁሉ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በረሃው ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ከተማ መሰለ። ማቅሪናም በመንገድ የተጣሉትን ሕፃናት እያነሣች እንደ እናት አሳደገቻቸው። እርስዋ በ379 በሞተች ጊዜ ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት በእጅዋ ያደጉት ደናግል ናቸው።

በ370 ባስልዮስ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ረኃቡ ካለፈ በኋላም ድኻው እንዳልቀረ፣ የአንድ ቀን ወጥም ቤተ ሰብን እንደማያቆም ያውቅ ነበርና፣ ከከተማው ውጭ ታላቅ የድኆች ቤት አቆመ። በዚያም የመንገደኛ ማደሪያ፣ የሕሙማን ቤት፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ የጭነት ከብቶችና መንገድ መሪዎች ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸው ለምጻሞች ለብቻቸው ቤት ተሠራላቸው፤ ኤጲስ ቆጶሱም እየሳማቸው ይጠይቃቸው ነበር። ከዚህም ጋራ የእጅ ሥራ የሚሠራበት ቤት ተሠራ። ናዝያንዛዊው ጎርጎርዮስ ይህን ቦታ አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው፤ ኋላም በመሥራቹ ስም ባስልያስ ተባለ፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜኖስም እስከ ዘመኑ ድረስ በዚህ ስም ይጠራ እንደ ነበረ ጽፎአል። በገጠርም ባሉት የአገልግሎት አውራጃዎች ሌሎች የድኆች ቤቶች ነበሩ፤ የሚጠብቋቸውም የገጠር ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ።

ምጽዋትን ማከፋፈል ጥበብ እንደሚያሻው ባስልዮስ ያውቅ ነበር። በእውነት የተቸገረውን ከስስት የሚለምነው ለመለየት የተፈተነ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ስላስተማረ፣ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ለዚህ ሥራ ለተሾመው እንዲያስረክብ መከረ። ይኸውም የሐዋርያት ሥርዐት ነው፤ ምእመናን ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበርና።

ድኻውን የሚጥለው ረኃብ ብቻ አይደለም፤ ዕዳና ግብርም ነው። በዚያን ዘመን በሮማውያን ሕግ የተፈቀደው ወለድ በየወሩ ከመቶ አንድ ሲሆን፣ ከዚህ የሚበልጥ የሚወስዱ አራጣ አበዳሪዎችም ነበሩ። ባስልዮስ በዳዊት በ14ኛው መዝሙር ላይ ባስተማረው ትምህርት ተበዳሪው በሩ በተንኳኳ ቍጥር እንደሚደነግጥ፣ የወር መባቻን እንደ ጠላት እንደሚፈራ ተናገረ። ነጻ የተወለዱ ልጆችም ስለ አባታቸው ዕዳ ሲሸጡ በዓይኑ እንዳየ መሰከረ። አራጣ አበዳሪውን ከገሠጸ በኋላ ወደ ድኻው ተመልሶ፣ ከመበደር ይልቅ ዕቃውን ሸጦ በእጁ እየሠራ እንዲታገሥ መከረው፤ ብድር የዛሬውን ችግር ለነገ አብዝቶ ያቈያልና።

በቃል ብቻም አልቀረም። ዩሊጣ የምትባል መበለት በዕዳ በተጨነቀች ጊዜ ዕዳውን ይጠይቃት ለነበረው ሰው ጽፎ ቀድሞ የሰጣትን የምሕረት ተስፋ አሳሰበው፤ ለአንድ ባለ ሥልጣንም እንዲረዳት ጻፈለት። በጦሮስ ተራራ ለሚኖሩ ድኆች የብረቱ ግብር እንዲቀልላቸው ሹሙን ሞዴስጦስን ለመነ፤ ለግብር ተቈጣጣሪዎችም የድኆች ቤት ከግብር ነጻ እንዲሆን ጻፈ። ጠላቶቹም ስለዚሁ ሥራ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ ከሰሱት፤ እርሱም ለእንግዳ ማደሪያ፣ ለሕሙማንም መድኃኒት ማዘጋጀት ለአገሩ ጌጥና ለገዢውም ምስጋና እንጂ ለማንም ጉዳት እንዳይሆን አስረድቶ መለሰ።

ንጉሥ ዋሌንስ የአርዮስን ሃይማኖት ይከተል ነበርና ባስልዮስን ሊያስገድደው ወደደ። ሞዴስጦስም ሀብትህን እወርሳለሁ፣ እሰድድሃለሁ፣ እገርፍሃለሁ፣ እገድልሃለሁ ብሎ አስፈራራው። ባስልዮስ ግን ከአሮጌ ልብሱና ከጥቂት መጻሕፍቱ በቀር የሚወረስ ነገር አልነበረውም፤ ሀብቱን ሁሉ አስቀድሞ ለድኆች ሰጥቶአልና ማስፈራሪያው መያዣ አጣ። በ372 በበዓለ ጥምቀት ንጉሡ ወደ ቂሣርያ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሥርዐቱን ግርማ አየና ተደነቀ፤ የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ እንደሚነግረንም በባስልዮስ እጅ ለሚጠበቁት ድውያን ድኆች መሬት ሰጠ። እንዲህ የድኻ ፍቅር የባስልዮስን ልብ ስለ ሃይማኖት እንዳይፈራ አጸናው፤ የጠላቱንም እጅ ለምጽዋት ዘረጋ።

ሥጋው ግን ከብዙ ጾምና ከጕበት ሕመም የተነሣ ደከመ። በ379፣ ዐምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ዐረፈ። የዕረፍቱም መታሰቢያ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳር ጥር 6 ቀን ነው። በቀብሩ ቀን አይሁድና አረማውያንም ከክርስቲያን ጋራ አለቀሱ፤ ከሕዝቡ መጋፋት የተነሣም የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ቀሚስና ከአንድ ካባ በቀር የሚወረስ አልተገኘበትም።

ትምህርቱም ከአገሩ ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። ስሙን ያወረሳቸው ብዙ ካህናትና መነኰሳት ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. የተሾሙት የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስም ይህን ስም ይዘው ነበር። ነገር ግን በቅዳሴው የሚያስቡት ሁሉ ሥራውን ካላሰቡ መታሰቢያው ጐደሎ ነው። በበዓል ቀን በደጀ ሰላም ለነዳያን የሚሰጠው ዝክር የተቀደሰ ልማድ ነው፤ ሆኖም ባስልዮስ ያሳየው መንገድ ከዚህ ይረዝማል። እርሱ የተራበውን አበላ፤ የታመመውን አስታመመ፤ ሥራ የሌለው የእጅ ሥራ የሚሠራበትን ቤት አዘጋጀ፤ በዕዳ የተያዘችውን መበለት አስታረቀ፤ ግብር የከበደበትን ስለ እርሱ ወደ ሹም ጻፈለት። አንዱ ያለ ሌላው ቢሆን ኖሮ ያ አባት በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ልጁን ይዞ ወደ ገበያ በወጣ ነበር።

እንግዲህ ሰንበቴና ማኅበር ያላቸው ምእመናን በጽዋው ዙሪያ በተቀመጡ ጊዜ በደብራቸው ዙሪያ ማን ልጁን ከትምህርት እንዳስቀረ፣ ማን በአራጣ እንደ ተያዘ፣ ማንስ በቤቱ ታሞ ጠያቂ እንዳጣ ቢመረምሩ፣ የተፈተነና የታመነ ሰው መርጠውም መባውን በእጁ ቢያኖሩ፣ ኢዮቤልዩው በእውነት እንደ ሕጉ ኢዮቤልዩ ይሆናል። መለከቱን የሚሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ወደ ርስቱ የተመለሰው ድኻ ግን ከሁሉ አብልጦ ይዘምራል።

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎቱና በረከቱ ከካህናትና ከምእመናን ሁሉ ጋራ ይኑር፤ አሜን።