ለጥንቸል ኮሌስትሮል ያበሉት ሊቅ፤ የኒኮላይ አኒችኮቭ የሕይወት ታሪክ

ኒኮላይ ኒኮላዬቪች አኒችኮቭ በመስኮብ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በ1885 ዓ. ም. ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። አባታቸው በትምህርት ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበሩ። ልጃቸው ግን ሕክምናን መርጠው በዚያው ከተማ በነበረው የጦር ሠራዊት የሕክምና አካዳሚ ተማሩና በ1909 ዓ. ም. ተመረቁ።

በዚያ ዘመን ኢግናቶቭስኪ የሚባሉ ሌላ የመስኮብ ሐኪም ጥንቸሎችን ሥጋ፥ ዕንቍላልና ወተት ሲመግቡ የእንስሶቹ ደም ሥር እንደ ሽማግሌ ሰው ደም ሥር ሲደነድን አይተው ነበር። ይህንንም በ1908 ዓ. ም. ለሊቃውንት አስታወቁ። ጥፋቱ በምግቡ ውስጥ ያለው የፕሮቲን ነው ብለውም ገመቱ። ሣር በል ለሆነችው ጥንቸል ሥጋ ማቅረብ ለእኛ ያስቅ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ቍም ነገር ያለው ጥያቄ ነበር።

አኒችኮቭና ተማሪያቸው ሴምዮን ኻላቶቭ ግምቱን እንዲሁ አልተቀበሉትም። ከዕንቍላል አስኳል ኮሌስትሮል የሚባለውን ነጭ ሰም መሳይ ነገር ለይተው አወጡ። ኮሌስትሮል በሥጋ፥ በቅቤና በዕንቍላል የሚገኝ ነው፤ ከእህልና ከአትክልት በሚሠራው የጾም ምግባችን ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህን በሱፍ አበባ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ፤ ለሌሎች ጥንቸሎች ደግሞ ዘይቱን ብቻ ሰጡ። ኮሌስትሮል የበሉት ደም ሥራቸው በስብ ተለጠፈ፤ ዘይት ብቻ የበሉት ጤነኞች ሆነው ቀሩ። ውጤቱ በ1913 ዓ. ም. ታተመ። በእኔ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቁት እነዚያ ዘይት ብቻ የበሉት ጥንቸሎች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ጥፋቱ የዘይቱ ነው የሚል ሰው መልስ አያገኝም ነበርና።

ይሁን እንጂ ብዙ ሊቃውንት አላመኑም። በአይጥና በውሻ ሞክረው እንደዚያ ያለ በሽታ ስላላገኙ፥ ነገሩ የጥንቸል ብቻ ነው አሉ። አኒችኮቭም ቢሆኑ ኮሌስትሮል ብቻውን ሁሉን ያደርጋል አላሉም፤ የደም ግፊትና ሌላም ምክንያት ይጨመርበታል ይሉ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሆስፒታል ባቡር ላይ አገለገሉ፤ በኋላም ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፤ ከ1946 እስከ 1953 ዓ. ም. የሶቪየት ኅብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1964 ዓ. ም. በተወለዱበት ከተማ አረፉ፤ ከተማይቱ ያን ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል ነበር።

ጥንቸልና ውሻ የተለያዩበት ምክንያት የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። ውሻና አይጥ ትርፉን ኮሌስትሮል በጉበታቸው ወደ ሐሞት ለውጠው ያስወግዳሉ፤ ጥንቸል ይህን በሚገባ አትችልም። ከ1973 ዓ. ም. ጀምሮ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሰው ሴል ኮሌስትሮልን ከደም የሚያስገባበት በር እንዳለው አሳዩ፤ በ1985 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ጎተራው የሞላለት ገበሬ እህል ሊገዛ ገበያ አይወጣም፤ ሴልም እንዲሁ ነው። ኮሌስትሮል ሲያንሰው አንድ ፕሮቲን ካለበት ተቈርጦ ወደ ሴሉ አስኳል ይገባና ሁለት ዓይነት ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ኮሌስትሮል የሚሠራበት፥ ሁለተኛው በሩ የሚሠራበት ነው። ኮሌስትሮል ሲበዛ ፕሮቲኑ ሳይቈረጥ ባለበት ይታሰራል፤ ጂኖቹም ዝም ይላሉ። ይህ ፕሮቲን የታወቀው በ1993 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ የአኒችኮቭ ጥንቸሎች ጉበት ጠግቦ በሩን ስለ ቀነሰ ትርፉ በደም ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሰው ግን ከሚበላው ኮሌስትሮል በአማካይ ግማሽ ያህሉን ብቻ ከአንጀቱ ይወስዳል፤ ጉበቱም የራሱን ሥራ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በብዙ ሰዎች ደሙ ጥቂት ብቻ ይጨምራል፥ በአንዳንዶች ግን ይበልጣል። እንደ ቅቤ ያለው ስብ ከኮሌስትሮሉ ይልቅ ደሙን ያበዛዋል።

ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ስታቲን የሚባለው መድኃኒትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ሲከለክለው፥ ሴሉ ጎተራዬ ጎደለ ብሎ ጂኑን ይቀሰቅሳል፤ በሮቹም በዝተው ከደም ውስጥ ይስባሉ።