ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፦ የደብረ ብርሃን ቆርቋሪና ያልተጠየቁበት ፍርድ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ንጉሡ በ1448 ዓ.ም. ገደማ በሰማይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም በዚያው ተከሉ።

የዐፄ ዳዊት ልጅ የሆኑት ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነግሠዋል። የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል ነሥተዋል፤ በሰንበት ጉዳይ የተለያዩትን መነኮሳት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አስማምተዋል፤ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ድርሳናትም በስማቸው ይታወቃሉ።

በዚያው ዘመን ግን አገሩ በፍርሃት ይኖር ነበር። ንጉሡ ጣዖት አምልኮን ለማጥፋት ባወጡት ዐዋጅ መሠረት የተከሰሰ ሰው ቤቱ ይዘረፍ፣ ሕይወቱም ያልፍ ነበር። ለፍርዱ የከሳሽ መሐላ ይበቃ ነበር። ንጉሡ ከሳሹን አስምለው የተከሳሹ ደም በእርሱ ራስ ላይ እንዲሆን ያደርጉ እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ያወሳል። ስለዚህ ሞት የሚፈርደው ንጉሥ ሳይጠየቅ፣ ዕዳው በሌላ ሰው ላይ ይቀር ነበር።

ለንጉሥና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስም በደብረ ብርሃን ተወገሩ። ከዚያ በኋላ የታየው ብርሃን ሰማይ ፍርዱን ማጽደቁን የሚያሳይ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ከዚህ በኋላ ፍርዱን የሚነቅፍ ሰው ፈጣሪን የተቃወመ ይመስል ነበር። ወደ ንጉሡ የሚገቡትም ዐቃቤ ሰዓቱና ጥቂት ብላቴኖች ብቻ ስለነበሩ፣ የተበደለ ሰው ጩኸቱ ከአጥሩ አያልፍም ነበር።

መከራው ቤተ መንግሥቱንም አልማረም። ንጉሡ ቀደም ሲል በየግዛቱ የሾሟቸው ሴቶች ልጆቻቸውና ወንዶቹም በሐሰት ተከሰው ተገረፉ፤ ከመካከላቸው የሞቱ ነበሩ። ለልጇ ለበእደ ማርያም ዙፋን ትመኛለች ተብላ የተጠረጠረችው ሚስታቸው ጽዮን ሞገሳም ተደብድባ ሞተች። በእደ ማርያም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣንና ጧፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን መስጠቱ በተሰማ ጊዜ፣ ሐዘኑ ራሱ ወንጀል ሆነበት፤ ኋላ በመነኮሳት ምልጃ ከአባቱ ጋር ታረቀ።

ዜና መዋዕሉ ለልጆቹ መከራ ተጠያቂ የሚያደርገው ሐሰተኞቹን ከሳሾችና በእነርሱ ያደረውን ሰይጣን ነው። ክሱን ሰምተው ግርፋቱን ያዘዙት ንጉሥ ግን ከወቀሳው ውጭ ናቸው።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ በአባታቸው ዘመን የታሰሩትን ፈቱ። በሕያውነታቸው ማንም ያልጠየቃቸው ንጉሥ፣ ከሞቱ በኋላ በዙፋናቸው በተተካው በዚያው በተበደለው ልጃቸው ፍርዳቸው ተሻረ።