አንቷን ዳባዲና የቱንቢው ዘንበል ማለት

በ19ኛው ምእት ዓመት ኢትዮጵያን ከጎበኙት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ያዩትን ጽፈዋል፤ አንቷን ዳባዲ ግን ያየውን ለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተዛወረ፤ ያደገውም በዚያ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1836 ወደ ብራዚል ልኮት የመሬትን መግነጢስ ሲለካ ቆየ። ከዚያ በኋላ በ1838 መጀመሪያ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደና ወደ ጎንደር ተጓዘ።

ዘመኑ የጎንደር ነገሥታት ከስም በቀር ሥልጣን ያልነበራቸው፣ አገሩን የየጁ መሳፍንት የሚያዙበት ነበር። ኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሣ ኃይሉም በእነዚያው ዓመታት በቋራ ቆላ ሸፍቶ ነበር። እንዲህ ባለው አገር ሰንሰለት ዘርግቶ ምድርን በእርጋታ መለካት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ዳባዲ ፈጣን ጂኦዴዚ ብሎ የሰየመውን ዘዴ ያዘ፤ ይኸውም ከአንዱ ተራራ ጫፍ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች ሁሉ በቴዎዶላይት እያነጣጠሩ አቅጣጫቸውንና ከፍ ዝቅ ማለታቸውን በማዕዘን መመዝገብ፣ ኬክሮስን ከፀሐይና ከከዋክብት ማውጣት፣ ከፍታን ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን መገመት ነው። በዚህ ሁኔታ እናርያን አልፎ እስከ ከፋ ዘለቀ። በ1848 ወደ አገሩ ሲመለስ የማዕዘን መዝገቦቹን ብቻ ሳይሆን ከ200 በላይ የግእዝ ብራናዎችንም ይዞ ነበር፤ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም የዚያ ኑሮ ፍሬ ነው።

አገሩ ሲገባ የጠበቀው ግን ምስጋና ብቻ አልነበረም። ጎጃምን ያወቀው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ፣ ዳባዲ ከፋ አልደረሰም ሲል በ1850 ክሱን በመጽሐፍ አወጣ፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የሸለመውንም ሜዳይ እስከ መመለስ ደረሰ። ለአንድ ለኪ ከዚህ የከፋ ክስ የለም። ዳባዲ ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ በተባለው ሥራው የተጠናቀቀ ካርታ ብቻ አላቀረበም፤ ያነበባቸውን ማዕዘኖች አንድ በአንድ አትሞ፣ የተጠራጠረ ሁሉ ስሌቱን ራሱ እንዲደግመው ሜዳውን ክፍት አደረገ። ኋላ የመጡ ተጓዦች ስለ አገሩ የጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጠውለታል። የዓባይን ምንጭ በሚመለከት የያዘው አቋም ግን ስሕተት ነበር።

በቴዎዶላይት የተነበበ የከፍታ ማዕዘን ሁሉ በውሃ ልክ፣ ውሃ ልኩም በቱንቢ አቅጣጫ የታመነ ነው። ቱንቢው ራሱ ቢያዘነብልስ? ዳባዲ ሀንዳይ በተባለው የባስክ ባሕር ዳርቻ ይህን የሚመረምር መሣሪያ ሠራ፤ ከአለት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ 8 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውስጠ ባዶ የኮንክሪት ሾጣጣ አቁሞ፣ ከግርጌው ባዜቃ አስቀመጠ። ከላይ የተሰቀለው የመስቀል ምልክት በባዜቃው ላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ ከራሱ ጋር ካልተገጣጠመ፣ ቱንቢው ወይም መሬቱ ጥቂት ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ምስሉ ጸጥ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ እምብዛም ነበር። ባሕሩ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕሩ አዘነበለ፤ ሁልጊዜ ግን አልሆነም።

ዳባዲ ይህን በማዕዘን ለካው እንጂ በ20ኛው ምእት ዓመት ጂኦፊዚስቶች የለመዱት የጋል መስፈሪያ ገና አልነበረም። በጋሊሌዮ ስም የተጠራው አንድ ጋል በየሴኮንዱ የ1 ሴንቲሜትር በሴኮንድ የፍጥነት ጭማሪ ነው፤ የመሬት ስበት 980 ጋል ያህል ነው። ሚሊጋል የጋል አንድ ሺህኛ ሲሆን በሜትር 0.00001፣ ማይክሮጋል ደግሞ 0.00000001 ይሆናል። ቱንቢ በአንድ የማዕዘን ሴኮንድ ቢያዘነብል የጎን ስበቱ የጠቅላላው 206,265ኛ እጅ ስለሆነ 4.75 ሚሊጋል ነው። ነገር ግን ዳባዲ ማዕዘንን በአሥር ቤት መክፈልን አጥብቆ የሚደግፍ ሰው ነበር፤ የመመልከቻ ቤቱም መሣሪያ ቀጥታ ማዕዘንን በ100 የሚከፍል ነው። የዚህ አከፋፈል ሴኮንድ የተለመደው ሴኮንድ 0.324 ብቻ ስለሆነ 1.54 ሚሊጋል ይሰጣል። ሴኮንድ የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ የሚያሰላ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሳሳታል።

የመስፈሪያው ነገር በኢትዮጵያ ምድር ላይ በጉልህ የሚታየው ከጎንደር ወደ ቋራ ሲወረድ ነው። በሱዳን ጠረፍ በኩል ባለው በገለጉ ሜዳማ ቆላ፣ ከተራራ ወደ ተራራ የሚያነጣጥረው የዳባዲ ዘዴ ብዙ አያራምድም፤ የስበት መለኪያ ግን ይሠራል። ከጎንደር እስከ ገለጉ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሺሁ ብቻ ቢወሰድ፣ ወደ መሬት መካከል በመቅረብ 308.6 ሚሊጋል ይጨመራል፤ ከሥር የነበረው አለት ስለሚጎድል 112 ያህል ይቀነሳል፤ 197 ያህል ይቀራል። 60 ኪሎ የሚመዝን መንገደኛ ገለጉ ሲደርስ 12 ግራም ያህል ይከብዳል ማለት ነው፤ በገበያ ሚዛን የሚታወቅ ነገር አይደለም። ይኸው ልዩነት በሜትር ሚሊዮንኛ ሲጻፍ 1,970 ነው። ይህን ቁጥር ሚሊጋል ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ጎንደርን ከገለጉ 10,000 ሜትር ከፍ ያደርጋታል፤ ራስ ዳሸንም ኤቨረስትም ከሥሯ ይቀራሉ።

ዳባዲ በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል ሆነ። በ1882 ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት እስከ ሃይቲ ተጓዘ፤ ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎ ነበር። ልጅ ስላልነበረው ሀንዳይ ላይ ያሠራውን ግንብና መመልከቻ ቤቱን ለአካዳሚው አወረሰ፤ በምላሹ የጠየቀው በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲሠራለት ነው። በመጋቢት 1897 ፓሪስ ላይ አረፈ።