ተራራና ሐይቅን ከሰማይ ያየው ሰው፦ የፊኛው ካፒቴን ኤድዋርድ ስፔልተሪኒ

ጮቄን ከላይ ያየነው ስንቶቻችን ነን? ከሥሩ ተወልደን፣ ውሃውን ጠጥተን፣ ብርዱን ለምደን አድገናል። ከደብረ ማርቆስ ቀና ስንል የምናየው ግን ደመና የለበሰ ግንባሩን ብቻ ነው። ጣናንም እንደዚያው፤ ወይ ዳሩ ላይ ቆመን፣ ወይ ጀልባ ተሳፍረን ነው የምናውቀው። ሞተር በሌለው ፊኛ ቅርጫት ውስጥ ቆሞ፣ ያለ ምንም ጩኸት ተራራውንም ሐይቁንም ቁልቁል ማየት ሌላ ነገር ነው።

ይህንን ሌላ ነገር የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሰው ነበር። ስሙ ኤድዋርድ ስፔልተሪኒ ይባላል። የአልፕስ ተራሮችን ከፊኛ ላይ ፎቶ በማንሳት ዓለም ያወቀው ስዊዘርላንዳዊ ነው። የኛን የአባይ ውሃ ሳይቀር ከሰማይ ተመልክቶታል። ወዳጆቻችን፣ ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1852 በምሥራቅ ስዊዘርላንድ ባዘንሃይድ በምትባል መንደር ተወለደ። የቤተሰብ ስሙ ሽዋይዘር ነበር። ትርጉሙ በቀጥታ ስዊዘርላንዳዊ ማለት ነው። ልጅ እያለ ቤተሰቡ ወደ ጣልያንኛ ተናጋሪው ደቡብ ሄደ። የወጣትነት ሕልሙ ከሰማይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ የኦፔራ ዘፋኝ መሆን ነበር የሚፈልገው። ለዚህም ሚላንና ፓሪስ ድምፁን ሲያሠለጥን እንደቆየ ይነገራል። ከዚያ ሳንባውን ታመመ። ዘፋኝ ሳንባው ከታመመ ደግሞ ነገሩ በቃ አለቀ ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። እሱ ግን ከመድረኩ የቀረውን ይዞ ሌላ መድረክ ፈለገ። ስሙን ጣልያንኛ ጣልያንኛ በሚል ስፔልተሪኒ ቀየረና በፓሪስ የፊኛ አበራር መማር ጀመረ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ፈቃዱን አገኘ። በ1887 ደግሞ ኡራኒያ ብሎ የሰየመውን የራሱን ፊኛ አሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ዛሬ በቲክቶክ የምታዩዋቸው ባለ ቀለም ፊኛዎች የሚነሱት ሥራቸው በሚነድ እሳት ነው። እሳቱ አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ስለሚቀል ፊኛውን ይዞት ይወጣል። ሰው በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1783 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን፣ ከሰው በፊት የተሳፈሩት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ነበሩ። የስፔልተሪኒ ፊኛ ግን እሳት አልነበረውም። ከአየር በሚቀል ጋዝ፣ ለተራራ ጉዞ በሃይድሮጅን፣ ይሞላል። ከፍ ማለት ሲፈልግ ቅርጫቱ ውስጥ ከያዘው ከረጢት አሸዋ ይደፋል። ዝቅ ማለት ሲፈልግ ገመድ ስቦ ጋዝ ያስወጣል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ የሚባል ነገር የለም። መሪውን የያዘው ነፋሱ ነው።

አሸዋውም ጋዙም አላቂ ናቸው። አሸዋው ካለቀ ተራራ ሲመጣ ከፍ ማለት አይቻልም። ጋዙ አለልክ ከወጣ መውረድ ሳይሆን መውደቅ ይሆናል። የካፒቴኑ ችሎታ የሚለካው ይህችን ሂሳብ ሰማይ ላይ ሆኖ ሳይሳሳት በመሥራቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ስፔልተሪኒ ትርዒት አሳይ ነበር። በ1888 ለንደን ላይ ሊዮና ዴር ከምትባል አሜሪካዊት የሰርከስ ባለሙያ ጋር ሠራ። ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ? ከፊኛው ሥር በጥርሷ ነክሳ ተንጠልጥላ አብራው ሰማይ ትወጣ ነበር! ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ይህን ለማየት ይጋፋል። ከዚያ በኋላ ሩሲያን፣ ሮማኒያን፣ ግሪክን፣ ግብፅን ዞረ።

በዚያው ዓመት ለንደን ሰው በፊኛ ሲዝናና፣ በኛ በኩል ግን ፊኛ ሌላ ትርጉም ነበረው። ከለንደኑ ትርዒት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1880 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ የጣልያን ጦር ከምጽዋ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰሐጢ ላይ መሽጎ ነበር። አፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ፊት ለፊቱ ሰፈሩ። ጣልያኖቹ ታዲያ በገመድ የታሰረ ፊኛ እያወጡ የአካባቢውን እንቅስቃሴ ከላይ ይሰልሉ ነበር። በዚያው ዓመት በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግዛት በኩል ደርቡሾች ገብተው ነበር፤ ሳር ውሃ ላይ ጦርነት ሆኖ ጎንደርም ተቃጠለ። አፄ ዮሐንስም ከሰሐጢ ሳይዋጉ ተመለሱ። የኛ ሰው ስለ ፊኛ ካለው የመጀመሪያ ትዝታ አንዱ ይሄው ነው፤ ከሰማይ ሆኖ የሚሰልል ባዕድ ዓይን። ጎጃምም ብትሆን ከጣልያን ወረራ ጊዜ ጀምሮ ሰማይ ላይ ድምፅ ስትሰማ ቀና የምትለው ሁልጊዜ በደስታ አይደለም። ይህን ሳንረሳ ወደ ሰውየው እንመለስ።

ስፔልተሪኒ ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ ትርዒቱን ተወት አድርጎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1893 አካባቢ ደግሞ ካሜራ ይዞ መውጣት ጀመረ። የዚያን ዘመን ካሜራ ከኪስ የሚወጣ ስልክ አይደለም። ፎቶው የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱም ካሜራውም ከባድ ነው፤ እሱን ለመጫን ሌላ ክብደት መተው ያስፈልጋል። ቅርጫቱ ደግሞ ይዞራል፣ ይወዛወዛል። አንድ ፎቶ ከተበላሸ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ አይመልሰውም። ሆኖም ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም ጥራታቸው ያስደንቃል።

ትልቁ ቀን መስከረም ሊገባደድ ሲል መጣ፤ እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 3 ቀን 1898። ቬጋ የተባለው ፊኛ ከ3,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ጋዝ የሚይዝ ግዙፍ ነበር። መነሻው በተራሮች የተከበበችው የሲዮን ከተማ ናት። ከስፔልተሪኒ ጋር የተሳፈሩት አዋቂዎች ናቸው፤ ከነሱ መካከል አልበርት ሃይም የተባለው ታዋቂ የሥነ ምድር ሊቅ ይገኝበታል። ሃይም ዕድሜውን ሙሉ የአልፕስን ተራሮች በእግሩ ወጥቶ፣ ድንጋዩን ቀጥቅጦ፣ ካርታውን ስሎ ያጠና ሰው ነው። አሁን ግን ያጠናውን ሁሉ በአንድ እይታ ሊያየው ነው።

ነፋሱ እንደታሰበው አልነፈሰም። ወደ ታላላቆቹ ተራሮች መውሰዱን ትቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ገፋቸው። ከ6,000 ሜትር በላይ ወጡ። እዚያ ከፍታ ላይ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሹን እንኳ አይሞላም። በረዶ የለበሱ ጫፎችን አልፈው፣ የስዊዘርላንድን ሐይቆች ቁልቁል እያዩ፣ የጁራን ተራሮች ተሻግረው ፈረንሳይ ውስጥ አረፉ። ወደ ስድስት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። ለንጽጽር ያህል፣ ከደብረ ማርቆስ ጣና ዳር ያለው ቀጥታ ርቀት 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ዕቅዱ ባይሳካም ሰውየው አላቆመም። በ1903 ከዜርማት ተነስቶ ታላላቆቹን ተራሮች አቋረጠ። በ1904 ኢገር ከተባለው ተራራ ሥር፣ ከበረዶው አጠገብ ካለ የባቡር ጣቢያ ተነሳ። በ1909 ደግሞ ፈረንሳይ ከምትገኘው ሻሞኒ ተነስቶ በሞንብላን አካባቢ ተራሮች ላይ በረረና ሎካርኖ አካባቢ፣ ማጆሬ ከተባለው ሐይቅ ቅርብ ደረሰ። ያኔ 57 ዓመቱ ነበር።

ለኛ ለአባይ ልጆች የሚቀርበን ግን የ1904ቱ የግብፅ ጉዞው ነው። በካይሮ ሰማይ ላይ ወጥቶ የጊዛን ፒራሚዶች ከላይ አነሳቸው። ፒራሚዶቹን ከአየር ካነሱ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች መካከል ናቸው። ልብ በሉ፤ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚሄድ ነው። በክረምት ከጮቄ ተጠርጎ በአባይ ገደል የሚወርደው አፈርም ለዘመናት የግብፅን ማሳ ሲያደልብ ኖሯል። ስፔልተሪኒ ከፊኛው ቁልቁል ያየው አገር ከኛ ተራራ በሄደ ውሃና አፈር የቆመ ነው። የወንዙን መድረሻ ከሰማይ ሆኖ ፎቶ አነሳለት። መነሻውን ግን አላየውም።

በ1911 ደቡብ አፍሪካም ወርዶ ከፊኛ ላይ ፎቶ አነሳ። ያነሳቸውን ፎቶዎች በየከተማው በትልቅ መጋረጃ ላይ በብርሃን እያሳየ ይተርክ ነበር። አዳራሽ ይሞላል። መኳንንቱም ሀብታሙም አብሮት ለመብረር ይሻማል። በሙያው ዘመን 570 ጊዜ ያህል በርሯል፣ ከ1,200 በላይ ሰዎችን አሳፍሯል። እንግዲህ ሰው በዚህ ደረጃ ሲደርስ የማይወርድ ይመስለዋል።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ስፔልተሪኒ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ አግብቶ ነበር። ድንበሮች ተዘጉ፣ ሰማዩም ተዘጋ። ድንበር የማያውቀውና ነፋስ ወደወሰደው የሚሄደው ፊኛ በጦርነት ጊዜ ቦታ አልነበረውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ዓለም ሌላ ሆናለች። አውሮፕላን መጥቷል፤ ፊኛን ማን ያየዋል? ያጠራቀመውን ገንዘብም የኑሮ ውድነቱ በላው። ብር ቆጥቦ ብሩ ከእጁ ላይ ዋጋ ሲያጣበት ማየት ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም።

በ1922 ከ6,000 ሜትር በላይ የወጣው ካፒቴን ኮፐንሃገን በሚገኘው ቲቮሊ መዝናኛ ተቀጠረ። ሥራው በገመድ በታሰረ ፊኛ ሰዎችን ትንሽ ከፍ እያደረገ መመለስ ነበር። አልዘለቀበትም። ከባለቤቱ ጋር ኦስትሪያ ውስጥ ዚፕፍ በምትባል መንደር ትንሽ ቦታ ይዞ ዶሮ ማርባት ጀመረ።

በ1926፣ በ74 ዓመቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልውጣ ብሎ ተነሳ። በኪራይ ፊኛ ከዙሪክ ተሳፋሪ ይዞ በረረ። ሰማይ ላይ ሳለ ቅርጫቱ ውስጥ ራሱን ሳተ። ፊኛው በስንት መከራ ኦስትሪያ ውስጥ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አልበረረም። በ1928 ፎቶዎቹ በመጽሐፍ ታተሙ። በ1931 ሰኔ ወር ላይ በድህነት፣ ብዙ ሰው ሳያስታውሰው፣ አረፈ።

ታዲያ ምን ቀረ? ፎቶዎቹ ቀሩ። በዚያ ዘመን የተነሱ የአልፕስ ፎቶዎች ዛሬ ውበታቸው ብቻ አይደለም የሚፈለገው። የተራራው በረዶ ከመቶ ዓመት በፊት የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ምስክር ናቸው። የአሁኑን ፎቶ ከጎኑ ስታስቀምጡት የቀለጠው በረዶ ወለል ብሎ ይታያል።

ወደ ጮቄ እንምጣ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ለአባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞችና ምንጮች ከሱ ይነሳሉ፤ የውሃ ማማ የሚባለውም ለዚህ ነው። እርሻው ግን ወደ ላይ እየወጣ፣ ደኑ እየሳሳ፣ አፈሩ እየተጠረገ ነው። አያቶቻችን ደኑ እስከ የት ድረስ እንደነበር በእጃቸው ይጠቁሙናል። እኛ ግን ያንን ከዛሬው ጋር የምናስተያይበት ፎቶ በእጃችን የለም። ስፔልተሪኒ ለአገሩ ያስቀመጠላት ነገር ለኛ አልተቀመጠልንም።

በጎጃም ሰማይ በፊኛ መብረር ሕልም ነው ለምትሉን፣ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን የራሱ ሂሳብ አለው። ደብረ ማርቆስ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ የሚነሳ ፊኛ ባሕር ዳርቻ ካለ እኩያው ያነሰ ሰው ነው የሚይዝ። ጊዜው ሰማዩ የሚጠራበት በጋው፣ ሰዓቱም ነፋሱ ሳይነሳ ገና ጀምበር ስትወጣ መሆን አለበት። ማረፊያው የገበሬ ማሳ ስለሚሆን ጤፉ ታጭዶ እስኪገባ መጠበቅ፣ ባለ ማሳውንም ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ነፋስ ወደ አባይ ገደል ከገፋ ደግሞ ማረፊያ ፍለጋው ቀልድ አይደለም። ከሁሉ በፊት ሰላም ያስፈልጋል። ሕዝቡ ቀና ብሎ ሲያይ ልጆቹን ይዞ የማይሸሸግበት፣ እየሮጠ ሊቀበል የሚወጣበት ሰማይ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን ስልካችሁ በእጃችሁ ነው። ስፔልተሪኒ በመስታወት ተሸክሞ ያደረገውን እናንተ በአንድ ጣት ታደርጉታላችሁ። መንደራችሁ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ውጡ። ተራራውን፣ ምንጩን፣ የቀረውን ደን አንሱ። ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉበት። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ ከዚያው ቦታ ላይ ድገሙት። ዛሬ ላይክ ላያስገኝ ይችላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ጮቄ ምን ይመስል ነበር ለሚል የልጅ ልጅ መልሱ እሱ ነው።

ቸር ያሰማን!