የጀርመንን ኳስ በትምህርት ቤት ግቢ የጀመረው መምህር

የጀርመን እግር ኳስ ሲነሳ እዚህ ሀገር ያለ ተመልካች አፍ ላይ ቶሎ የሚመጡት ስሞች የታወቁ ናቸው። ቤከንባወር አለ፣ ጌርድ ሙለር አለ፣ ሎተር ማቲያስ አለ፣ ክሎዘም አለ። በ1954፣ በ1974፣ በ1990 እና በ2014 የዓለም ዋንጫን ያነሳች ሀገር የጀግና ድሃ አይደለችም። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ግን በማሊያም ሆነ በጎል ብዛት የማይታወቅ አንድ ሰው ቆሟል። ሥራው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ላቲንና የጥንት ግሪክ ቋንቋ ማስተማር ነበር። ስሙ ኮንራድ ኮኽ ይባላል። ጀርመኖች የኳሳቸውን ታሪክ ሲተርኩ ከስታዲየም ሳይሆን ከዚህ ሰው ትምህርት ቤት ነው የሚጀምሩት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትዕዛዝ የሚሰራ ስፖርት

ኮኽ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1846 በሰሜን ጀርመኗ ብራውንሽቫይግ ከተማ ተወለደ። ያኔ ጀርመን የምትባል አንድ ሀገር ገና አልነበረችም፤ ብራውንሽቫይግም በመስፍን የምትገዛ ትንሽ ግዛት ነበረች። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ መለኮትና የጥንት ቋንቋዎችን አጠና። ትምህርቱን እንደጨረሰም ወደተወለደባት ከተማ ተመለሰና ማርቲኖ ካታሪኔውም በሚባለው የወንዶች ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠረ። ቀሪ ሕይወቱ በሙሉ ከዚሁ ትምህርት ቤትና ከዚችው ከተማ ጋር የተሳሰረ ነው።

በዚያ ዘመን የጀርመን ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። እንዲያውም ሀገሪቱ በጂምናስቲክ የምትኮራ ነበረች። ፍሬድሪክ ሉድቪግ ያን የተባለው ሰው በ1811 በርሊን ውስጥ የጂምናስቲክ ሜዳ ከፍቶ ያስጀመረው ቱርነን የሚባለው እንቅስቃሴ፣ ከናፖሊዮን ወረራ ጋር የተያያዘ የሀገር ፍቅር ስሜት ያለው ነበር። አግድም ዘንግ ላይ መንጠልጠል፣ በትይዩ ዘንጎች ላይ መወዛወዝ፣ የእንጨት ፈረስ መዝለል የጀርመናዊነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር።

ችግሩ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው የመጣው። ልጆቹ በሰልፍ ይቆማሉ፤ መምህሩ ያዝዛል፤ ሁሉም እኩል እጁን ያነሳል፣ እኩል ያወርዳል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጣሪያ ስር፣ አቧራ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከላቲን ክፍል ወጥቶ አዳራሽ የሚገባ ልጅ ከአንዱ ትዕዛዝ ወደ ሌላው ትዕዛዝ ተሸጋገረ እንጂ ተጫወተ አይባልም። ሐኪሞችና ወላጆችም ተማሪው ከመጠን በላይ ተቀምጦ እየዋለ ነው፣ ጤናው እየተጎዳ ነው እያሉ መከራከር የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች በበኩላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየኮረጁ ትርፍ ጊዜያቸውን ቢራ ቤት ማሳለፍ ለምደው ነበር።

ኮኽ ይሄን ሁሉ ከክፍሉ ሆኖ ይታዘብ ነበር። ልጆቹን ወደ ውጪ ማውጣት አለብኝ አለና ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር መከረ። ባልደረባው የትምህርት ቤቱ የጂምናስቲክ መምህር አውጉስት ሄርማን ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከጂምናስቲኩ አዳራሽ ልጆቹን ለማውጣት የተባበረው ራሱ የጂምናስቲክ መምህሩ ነው።

ከእንግሊዝ የመጣችው ኳስ

ሁለቱ መምህራን ዓይናቸውን የጣሉት እንግሊዝ ላይ ነው። በዚያ ሀገር ራግቢ በምትባለው ከተማ ከ1828 እስከ 1842 ርዕሰ መምህር የነበረው ቶማስ አርኖልድ ስሙ በመላው አውሮፓ ተሰምቷል። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ቡድን የሚሰሩባቸው፣ ራሳቸው አምበል የሚመርጡባቸውና ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሚውሉባቸው ነበሩ። ኮኽን የማረከውም ይሄው ነው። ልጁ በትዕዛዝ ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ ይሮጣል፤ ሕግ የሚያከብረውም አለቃ ስለተቆጣው ሳይሆን ሕጉ ከሌለ ጨዋታው ስለማይኖር ነው።

ሄርማን ከእንግሊዝ ኳስ አስመጣ። በ1874 ኮኽ የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሁለቱ መምህራን ያቺን ኳስ ለማርቲኖ ካታሪኔውም ተማሪዎች ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስተማር አላስፈለገም፤ ልጆቹ ተከትለዋት ሮጡ።

በጀርመን ምድር ኳስ የተመታችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። ድሬስደን ውስጥ የሚኖሩ እንግሊዛውያን በዚያው በ1874 የራሳቸውን ክለብ መስርተው ይጫወቱ ነበር። ልዩነቱ፣ የድሬስደኑ የእንግዶች መዝናኛ ሲሆን የብራውንሽቫይጉ የጀርመን ልጆች በጀርመን መምህር ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት ስም የተጫወቱት መሆኑ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ኮኽን የሚያስቀድሙትም ለዚህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ጨዋታ ዛሬ ቅዳሜና እሁድ በቴሌቪዥን የምናየውን እግር ኳስ አይመስልም። ኮኽ በ1875 ለተማሪዎቹ ክለብ አዘጋጅቶ ያሳተመው ሕግ በጀርመንኛ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሕግ ቢሆንም ይበልጥ የሚቀርበው ለራግቢ ነው፤ ኳስን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል። ቆይቶ ኮኽ ራሱ ሐሳቡን እያስተካከለ ሄደና በእግር ብቻ ወደሚደረገው ጨዋታ አዘነበለ። የሕጉ ባለቤት የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሳይሆን የተማሪዎች ክለብ መሆኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተለወጠም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማርቲኖ ካታሪኔውም የሜዳ ጨዋታን ከትምህርት ሰዓቱ ጋር አያይዞ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ አደረገው። በፈቃደኝነት የተጀመረው ነገር የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ሆነ ማለት ነው።

የእንግሊዝ በሽታ

ኮኽ መንገዱ አልጋ በአልጋ ሆኖለት አልሄደም። ጀርመን በ1871 አንድ ሀገር ከሆነች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሀገር ፍቅር ስሜቱ የጋለ ነው። በዚህ መሃል አንድ መምህር ከእንግሊዝ ኳስ አምጥቶ የጀርመን ልጆችን ከጂምናስቲክ ሊያስወጣ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የጂምናስቲክ ማኅበራቱ ተቆጡ። አንዳንድ መምህራንም እግር ኳስን ሥርዓት አልባ፣ ባለጌ የሚያደርግና አካልን የሚያበላሽ ጨዋታ አድርገው ፈረጁት።

ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ የከፋው ሽቱትጋርት ውስጥ የሚያስተምረው ካርል ፕላንክ ነበር። ይሄ ሰው በ1898 እግር ኳስን ብቻ ለመስደብ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። በእሱ ቤት ጨዋታው የእንግሊዝ በሽታ ነው፤ ኳስ ለመምታት ጉልበቱን አጥፎ የሚያጎነብስ ሰውም ከዝንጀሮ አይለይም። ነገሩ በስድብ ብቻ አላበቃም። ዛሬ ባየርን ሙኒክ በሚነግስባት የባየርን ግዛት እግር ኳስ ለዓመታት ከትምህርት ቤቶች ታግዶ ቆይቷል።

ኮኽ ስድብን በስድብ አልመለሰም። እሱ ራሱ ሀገሩን የሚወድ፣ በእንግሊዝ አምልኮ የማይታማ ሰው ነበር። መልሱን በሁለት መንገድ ሰጠ። አንደኛው ታሪክ ነው። የጥንት ቋንቋ መምህርነቱ ጠቀመውና የኳስ ጨዋታ በግሪኮችና በሮማውያን ዘመን ጭምር የነበረ መሆኑን በጥናቶቹ አሳየ። ጨዋታው የአንድ ሀገር ንብረት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው።

ሁለተኛው መልስ ቋንቋ ነው። በወቅቱ የጀርመን ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚጯጯሁት በእንግሊዝኛ ነበር። ለተቃዋሚዎቹ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ስለዚህ ኮኽ ለጨዋታው የጀርመንኛ ቃላት ማፈላለግ ያዘ፤ በ1903ም የእግር ኳስ ቃላትን ዝርዝር በአንድ የቋንቋ መጽሔት ላይ አወጣ። ዛሬ የቡንደስሊጋ ኮሜንታተሮች የሚጠሯቸው የጎል፣ የማዕዘን ምት፣ ከጨዋታ ውጪ የሚሉ የጀርመንኛ ቃላት ሥር እንዲሰዱ ያደረገው ይሄ የእሱ ሥራ ነው። ኮርነርን የማዕዘን ምት፣ ኦፍሳይድን ከጨዋታ ውጪ ማለት የለመደ የአማርኛ አንባቢ የዚህ ልፋት ዋጋ ይገባዋል። አንድ ጨዋታ የራስ የሚሆነው በራስ ቋንቋ ሲጠራ ነው።

ከአንድ ግቢ ወደ ሀገር

የኮኽ ሐሳብ ከብራውንሽቫይግ ግቢ ወጥቶ መሄዱ አልቀረም። በኦክቶበር 1882 የፕሩሺያ የትምህርት ሚኒስትር ጉስታቭ ፎን ጎስለር ለትምህርት ቤቶች አንድ መመሪያ አስተላለፈ። መመሪያው ልጆች ከአዳራሽ ወጥተው ክፍት አየር ላይ እንዲጫወቱ፣ ትምህርት ቤቶችም የመጫወቻ ሜዳ እንዲያዘጋጁ የሚጠይቅ ነው። ፕሩሺያ ከጀርመን ግዛቶች ሁሉ ትልቋ ስለነበረች ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በ1891 ደግሞ የሕዝብና የወጣቶች ጨዋታን ለማስፋፋት አንድ ማዕከላዊ ኮሚቴ በርሊን ላይ ሲቋቋም ኮኽና ሄርማን ከተሳታፊዎቹ መካከል ነበሩ። ሁለቱ የብራውንሽቫይግ መምህራን ከ17 ዓመት በኋላም አልተለያዩም።

ከዚያ በኋላ ኳሷ የሚያቆማት አልተገኘም። ተማሪዎቹ አድገው ክለብ መሰረቱ። በኮኽ ከተማ አይንትራክት ብራውንሽቫይግ በ1895 ተወለደ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1900 ላይፕዚግ ላይ የ86 ክለቦች ተወካዮች ተሰብስበው የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። በ1903 የመጀመሪያው የጀርመን ሻምፒዮን ቪኤፍቢ ላይፕዚግ ሆነ፤ የፕራጉን ቡድን 7 ለ 2 ነው የረታው። በ1908 ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ባዝል ላይ አድርጎ በስዊዘርላንድ 5 ለ 3 ተሸነፈ።

ኮኽ ይሄን ሁሉ በሕይወት ቆይቶ አይቷል። ያረፈው ኤፕሪል 13 ቀን 1911 በ65 ዓመቱ፣ እዚያው በተወለደባት ብራውንሽቫይግ ነው።

ያልተጨረሰው ሥራ

ሰውየውን መልአክ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። የእሱ ኳስ የጀመረችው የባለሥልጣንና የነጋዴ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። የሠራተኛው ልጅ እንደልቡ ሜዳ የወጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲፈቀድ ነው። ሴቶች ልጆችም በማርቲኖ ካታሪኔውም አልነበሩም። የጀርመን ፌዴሬሽን ጭራሽ በ1955 የሴቶችን እግር ኳስ አገደ፤ እገዳው የተነሳው በ1970 ነው። የጀርመን ሴቶች ግን በ2003 እና በ2007 የዓለም ዋንጫን አንስተው መልሱን ሜዳ ላይ ሰጡ።

ስለ ኮኽ በ2011 የተሰራው ፊልምም ብዙ ሰው እንዲያውቀው ቢያደርግም ታሪኩን ትንሽ አጣሞታል። ዳንኤል ብሩል የተወነበት ይሄ ፊልም ኮኽን ከኦክስፎርድ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር አድርጎ ያሳያል። እውነተኛው ኮኽ የተማረው እዚያው ጀርመን ውስጥ ነው፤ ያስተማራቸው ቋንቋዎችም ሌሎች ናቸው።

የሚገርመው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጀርመን ወደዚሁ ሐሳብ መመለሷ ነው። በ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ተሰናበተ። ሀገሩ ተደናገጠ። ፌዴሬሽኑ መፍትሄውን የፈለገው ታች ልጆቹ ዘንድ ነው፤ ክለቦች አካዳሚ እንዲከፍቱ ተገደዱ፣ በየአካባቢው የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ ካስተናገደ በኋላ ደግሞ በየትምህርት ቤቱና በየክለቡ 1000 ያህል ትንንሽ ሜዳዎችን አሰራ። በ2014 ብራዚል ላይ የተነሳው ዋንጫ ከዚህ ሁሉ ልፋት ተነጥሎ አይታይም።

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ማካካሻ በሚሆንበት፣ ግቢው በሕንጻ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ሜዳው በሆነበት ትምህርት ቤት ሁሉ የኮኽ ክርክር ገና አላበቃም። እሱ ሲጀምር ስታዲየም አልነበረውም፣ ስፖንሰር አልነበረውም፣ ከበላይ የወረደ መመሪያም አልነበረውም። በእጁ የነበሩት አንዲት ኳስ፣ አንድ ሜዳና አንድ የሚስማማው ባልደረባ ናቸው። የሚኒስትሩ መመሪያ የመጣው ልጆቹ መጫወት ከጀመሩ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።