መርውን ያስረከባት ማን ነው?

የኡመያዎች መንግሥት አወዳደቅ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው የአቡ ሙስሊም ጥቁር ባንዲራ ነው። እኔ ግን ያንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው አንድ ሽማግሌን ነው፤ በኹራሳን የመጨረሻው የኡመያዎች ገዥ የነበረውን ነስር ኢብን ሰያርን።

ኸሊፋ ሂሻም በ120 ዓመተ ሂጅራ (738 እ.ኤ.አ.) ሲሾመው ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር። በኹራሳን የሰፈሩት ዐረቦች በሁለት ጎራ ተከፍለዋል፤ በአንድ በኩል ተሚምና ቀይስን ያቀፈው ሙደር፣ በሌላ በኩል በአዝድ የሚመሩት የመኖችና አጋራቸው ረቢዓ። የነስር ጎሳ ኪናና ከሙደር ይቆጠር እንጂ በዚያ አገር ቁጥሩ አነስተኛ ነበር።

ነስር ብልህ አስተዳዳሪ ነበር። የመርውን ግብር ሲመረምር 30,000 ሙስሊሞች ያለ አግባብ ጂዝያ ይከፍሉ እንደነበር፣ 80,000 ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች ደግሞ ከክፍያው ነፃ ሆነው እንደኖሩ ደረሰበት፤ አስተካከለውም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሹመቱን ለሙደሮች ብቻ መስጠቱን ጠበሪ ዘግቧል። የኋላው ቂም አንዱ ሥሩ ይህ ይመስለኛል።

በ744 እ.ኤ.አ. ኸሊፋ ወሊድ ዳግማዊ ተገድሎ ሶርያ ስትታወክ፣ የአዝዱ መሪ ጁደይዕ አል-ኪርማኒ በነስር ላይ ተነሣ። ሙስሊም ከሙስሊም በመርው ደጃፍ ተጫረሰ። ኪርማኒም ለእርቅ በሚደራደርበት ሰዓት ተገደለ። በረመዳን 129 (747 እ.ኤ.አ.) አቡ ሙስሊም ከከተማዋ አቅራቢያ ባንዲራውን ሰቀለ። ነስር አደጋው ገብቶት ለኸሊፋ መርዋንና ለኢራቁ ገዥ የድረሱልኝ ደብዳቤ ጻፈ፤ የደረሰለት ግን አልነበረም። ተቀናቃኞቹ ዐረቦች ሊታረቁ ሲቃረቡም አቡ ሙስሊም የኪርማኒን ልጅ ዐሊን የአባቱን ደም እያስታወሰ ከእርቁ አስወጣው።

በ748 መርው በአቡ ሙስሊምና በዐሊ እጅ ገባች። ነስር ሸሸ። ልጁ ተሚም ጡስ ላይ ተገደለ፤ እርሱም በዚያው ዓመት በ85 ዓመቱ ሳዋ በተባለች ከተማ በስደት ሞተ። ዐሊስ? ብዙም ሳይቆይ አቡ ሙስሊም እርሱንም ወንድሙንም አስገደላቸው።

ጎሰኝነትን የጃሂሊያ ጥሪ ብለው ያወገዙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ ገና 120 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። እንደኔ እምነት የመርውን በር የከፈተው የአቡ ሙስሊም ሰይፍ ብቻ አይደለም። ሙደርም የመንም ከውጭው ባላንጣ ይልቅ የገዛ ወንድማቸውን አብልጠው ፈሩ፤ በሩም በዚያ ተከፈተ።