ዳኛቸው ወርቁና ያስቸገረው መጽሐፋቸው

አቶ ዳኛቸው ወርቁ በ1928 ዓ.ም. በሸዋ፣ በይፋት ምድር፣ በደብረ ሲና አካባቢ ተወለዱ። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰትን ሙያ አጥንተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ግን አንባቢው ተቸገረ። ታሪክ ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው ቀጥ ብሎ ሲወርድለት የለመደ ሰው፣ በዚህ መጽሐፍ የሚያገኘው የባላገሩን፣ የወይዘሮዪቱንና የተማሪውን ረዥም ክርክር ነው፤ የይፋትም አነጋገር እንዳለ ገብቶበታል። ስለዚህ ከጥቂት ገጽ በኋላ አጥፎ ያስቀመጠው ብዙ ነው።

ነገሩ ግን የሚያስተምር ነው። አደፍርስ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር ወጥቶ፣ ሕዝቡን በመጽሐፍ ቋንቋ ሊያስተምር የሚሞክር ወጣት ነው፤ ሰሚ ግን አያገኝም። አንባቢውም በባላገሩ ንግግር ሲደናቀፍ፣ ያው የአደፍርስ ችግር በራሱ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ደራሲው በ1987 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉ ዛሬ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ታላላቆቹ ጋር ይቈጠራል። እንግዲህ ተማሪም ሆነ ወደ ገጠር የሚመደብ ወጣት ሹም፣ መጽሐፉ ቢከብደው አይፈር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ያንብበው። ባላገሩን ማዳመጥ የሚለመደው እንዲሁ ነውና።